ወፍጮው ዝም ያለ ዕለት

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ስትመለስ ይዛ የገባችው ሁለት ነገር ነው፤ ጋዋን ለብሳ የተነሣችው ፎቶግራፍና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ። ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ላፕቶፑን ግን የት እንደማስቀምጠው ጨነቀኝ። ወረታ ላይ የእኛ ሰፈር ዝቅ ያለ ነው፤ ክረምት ሲገባ ወለሉ ውኃ ያዣል። ስለዚህ በነጠላ ጠቅልዬ ከሩዝ ኬሻዎቹ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ ስታየው ሳቀች። ገለፈቱንና አቧራውን ሁሉ ይጠጣልሻል አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መኖሪያው በመስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ሆነች። እኔ ግን በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ጫፍ ላይ ያለ እየመሰለኝ ወደ ውስጥ ገፋ አደርገው ነበር።

ኑሯችን ሩዝ ነው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ሩዙን ከነገለፈቱ ከገበሬ እየገዛሁ፣ ወፍጮ ቤት ወስጄ እያስፈለፈልኩ፣ ነጩን ገበያ እያወጣሁ ነው ያሳደግኋት። ወፍጮ ቤቱ ከአጥራችን ጋር የተጎራበተ ነው። ሞተሩ ሲነሣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ አምፖሉም እየቀላ እየቀላ ሄዶ የክብሪት እሳት ያህል ይቀራል። ይህን ሳየው ስለኖርኩ ነገሬ ብዬው አላውቅም ነበር። ሞተሩ ከተነሣ እንጀራችን እየተሠራ ነው ማለት ነው፤ እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው።

ያን ጊዜ የተመረቀ ልጅ በየቤቱ ተቀምጧል። ተደራጁ ይባላሉ፣ ይደራጃሉ፣ ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ ተመልሰው ቤታቸው ይገባሉ። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የሚፈልጥ የሰው ልጅ አይቻለሁ። የእኔዋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሰሌዳ ስትዞር ጫማዋ አለቀ። አንበሳሜ ድረስ ሄዳ ተመዘገበች። የሚጠይቋት ሁሉ የሥራ ልምድ ነው፤ ሥራ ሳይሰጧት ልምዱን ከየት ታምጣው? በዚህ መሀል አብራት ያደገች የሰፈራችን ልጅ በደላላ በኩል ዐረብ አገር ገባች። ከዚያም ደወለችላት። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፤ ልጄ ግን በዚያው ሰሞን ባሕር ዳር ሄዳ ፓስፖርት አውጥታ መጣች። አልደበቀችኝም። አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ለማንኛውም ነው እማየ" አለችኝ።

ይህች ቃል እንቅልፌን ወሰደችው። ደላላው ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ያበዛልኝ ጀመር። በፊት ዓይቶኝም የማያውቅ ሰው አሁን የኬሻዬን ጫፍ ይዞ ያግዘኛል፤ ልጅቱ ደኅና ናት ወይ ይለኛል። ደኅና ናት እላለሁ። ኬሻዬን ስቤ አልፋለሁ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ባሕር ዳር ያለ አንድ ቢሮ ጠራት። የኮምፒውተር ሥራ የሚሠሩ ጥቂት ወጣቶች በጋራ የከፈቱት ነው። ማሽን አንሰጥም፣ የራስሽን ይዘሽ ነይ አሏት። ሊኑክስ የሚባለውን ጭነሽ፣ የሥራ ዕቃሽን ሁሉ በውስጡ አደራጅተሽ፣ ከገና በፊት ባለው ሰኞ ትመጫለሽ፤ ፊታችን አንድ ሥራ ትሠሪያለሽ፤ ማሽንሽን እንዴት እንዳሰናዳሽውም እናያለን ብለው ቀጠሯት። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከዚያች ሰኞ ይህ ነገር ከተሰናዳ ልጄ ባሕር ዳር ትቀራለች፤ ካልተሰናዳ ደላላው አለ።

ሊኑክስ ምን እንደሆነ ደጋግማ አስረድታኛለች። ማሽኑ ብቻውን ብረት ነው፣ በውስጡ ሆኖ የሚያዘው ያስፈልገዋል አለችኝ። አሁን ያለውስ አያዝም ወይ አልኳት። ያዛል፣ ግን ከባድ ነው፣ የኔ ማሽን ደግሞ አርጅቷል፤ በዚያ ላይ የተሰረቀ ነው አለችኝ። ደነገጥኩ። የተሰረቀ ዕቃ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ከማን እንደሰረቀችው ስጠይቃት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የተሰረቀው ማሽኑ ሳይሆን በውስጡ ያለው አዛዥ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ነው፣ አገሩም ሁሉ የሚጠቀመው እንዲሁ ነው አለችኝ። ሊኑክስ ግን ሠሪዎቹ በነጻ የሰጡት ነው፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ የቻለም እንደሚመቸው አድርጎ ይለውጠዋል። በነጻ የሚሰጥ ነገር ብዙ ስላላየሁ ይህም አላረጋጋኝም። ምን ዓይነት ሰው ነው ሠርቶ ሠርቶ ለማያውቀው የሚሰጥ አልኩ በልቤ።

ሥራውን ስትጀምር አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አላጠፋችውም፤ የመመረቂያ ጽሑፏ አለበት። በማሽኑ ውስጥ ያለውን ቦታ ለሁለት ከፈለችውና ግማሹን ለአሮጌው ተወች፣ ግማሹን ለአዲሱ ሰጠች። ይኸ ገባኝ። እኔ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው የተወለድኩት፤ መሬት ሲከፈል ድንበር ሰው እንደሚያጋድል አውቃለሁ። ድንበሩን አጥብቂ አልኳት። አጥብቄዋለሁ አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ነገር እኔ መምከር የቻልኩት ይህንን ብቻ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል። ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። ምትኩን ባሕር ዳር ሁሉ ጠይቃ አጣችው። ጊዜው ደግሞ ሩዝ የሚገባበት ታኅሣሥ ነው፤ ከሜዳው ሁሉ አህያው ተጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት ይጎርፋል። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር አምፖላችን ሲቀላ ላፕቶፑ ድርግም ይላል። ሊኑክሱን ራሱን በፍላሽ ይዛው ስለመጣች፣ ወፍጮው ኬሻ እስኪቀየርለት በሚቆምባት ፋታ እየተሽቀዳደመች እንደምንም አስገባችው። የሥራ ዕቃዎቹን ግን በስልኳ ኢንተርኔት አንድ በአንድ ማውረድ ነበረባት። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው። ጥቁር መስኮት ትከፍታለች፣ በነጭ ፊደል ታዝዘዋለች፣ እሱም በነጭ ፊደል ይመልስላታል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ የፈረንጅ ፊደል አልለይም። ቁጥር ግን አውቃለሁ። ከበስተኋላዋ ቆሜ ቁጥሩ ከፍ ከፍ ሲል አብሬ አያለሁ። ሰማንያ ሲደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ያኔ ሞተሩ ይነሣል። ብርጭቆዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ድርግም።

ሲበራ ካቆመበት ቢቀጥል ኖሮ ምን ነበረበት? አይቀጥልም። ግማሹ ገብቷል፣ ግማሹ ደጅ ቀርቷል፤ የተጀመረው ሳያልቅ ሌላ አላስገባም ይላል አለችኝ። ልታቃናው ስትታገል እንደገና ድርግም ይላል። አንዴማ ከነጭራሹ አልነሣም አለና የጻፈችውንም የጫነችውንም አጥፍታ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሲመሽ ትሠሪዋለሽ አልኳት። በዚያ ሰሞን ግን ከመሸ በኋላ መብራት በፈረቃ ነበር፣ የእኛንም ሰፈር ደጋግሞ ይዘለዋል። ኢንተርኔት ቤቱም የሚጠቀመው በእኛው መስመር ነው። በወረታ ወፍጮ የሌለው ሰፈር ፈልጌ አጣሁ፤ ሩዝ ነው የምንበላው፣ የት ይኬዳል?

ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ እየተመላለሱ ይታጠቡ ነበር፤ ከዚያ በተረፈ ውለው የሚያመሹት አጥራቸው ሥር ባለች በርጩማ ላይ ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ያለበሰው ክረምት፣ ውኃው ቤታችን ሲገባ፣ ልጄን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ያወጧት እሳቸው ናቸው። ያኔ ሕፃን ነበረች። ወፍጮውን አምርረው ይጠሉታል። ሰው በስተርጅናው አንድ ቀን እንኳ የወፍ ድምፅ ሰምቶ ቢሞት ምን አለበት ይላሉ። ባለወፍጮው ይስቃል፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ ቤት የሠሩ እርስዎ ነዎት ይላቸዋል። ቤቴ ከወፍጮህ ይቀድማል ብለው ይመልሱለታል። ይህ በየሳምንቱ የሚደገም ነበር።

ልጄ ደግሞ ስለ ማሽኑ ስታስረዳቸው፣ በውስጡ ሆኜ የምሠራበት ቤት እያሰናዳሁ ነው ብላቸው ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በደጃቸው ስታልፍ ይጠይቋታል።

"ቤትሽ አለቀ?"

"አላለቀም አባባ።"

"ምኑ ቀረ?"

"ግድግዳው ይቆማል፣ ወፍጮው ያፈርሰዋል።"

"እኔንም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ" ይሏታል።

የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። የዚያን ዕለት ወፍጮ አይነሣም። ማልደን ቤተ ክርስቲያን ሄደን ስንመለስ፣ በር ስከፍት፣ አምፖሉ በርቶ ነበር። እንደዚያ ነጭ ሆኖ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ሁለታችንም ቆመን አየነው። ልጄ ወደኔ ዞረች። የምትለው ገብቶኛል። እኔ ግን በበዓል ቀን እንኳንስ ሥራ፣ ከሩዝ ውስጥ ጠጠር አልለቅምም። እናቴም እንዲህ ነበረች። ቆይ አልኳትና ተመልሼ የንስሐ አባታችንን ፍለጋ ወጣሁ። ከቅጽሩ ሲወጡ አገኘኋቸው። ሰው ከቧቸዋል። መስቀል ተሳልሜ ጠጋ አልኩ።

"አባቴ፣ ልጅቱ አንድ ነገር ጀምራለች፤ በማሽን ላይ የሚጻፍ ነው። ዛሬ ብትጽፈው ይከለከልባታል?" አልኳቸው።

"ማንበብና መጻፍ ነው?"

"እሱው ነው አባቴ።"

"ምን ልታደርገው ነው የምትጽፈው?"

"እንጀራ እንድታገኝበት ነዋ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሊያስቀይሙኝ እንዳልፈለጉ ከዓይናቸው ያስታውቅ ነበር።

"ለእንጀራ ከሆነ እንግዲህ ሥራ ነው ልጄ። ነገ ትሥራው፣ ገብርኤል ይረዳታል" አሉኝ።

ነገማ ወፍጮ አለ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ሌላ ሰው መስቀል ሊሳለም ገባ፣ እኔም በሰው ተገፍቼ ወደ ዳር ወጣሁ። ለልጄ ስነግራት ራሷን ይዛ ተቀመጠች። "ልትማርበት ነው ብትያቸው ምን ነበረበት እማየ?" አለችኝ። እሳቸው እንደዚያ ብለው አልጠየቁኝም። የጠየቁኝን መለስኩ። ልጄ ከፈለገች ዓይኔ እያየ መሥራት ትችል ነበር፤ ትልቅ ሰው ናት፣ እኔም እጇን አልይዛትም። አልነካችውም። ለኔ ብላ ይሁን ለገብርኤል አልጠየቅኋትም። ያን ዕለት እስኪመሽ ድረስ አምፖሉ እንደዚያ ነጭ ሆኖ ሲበራ እያየነው ዋልን።

በማግሥቱ ወፍጮው ከወትሮው በረታ፤ የበዓሉ ሩዝ ሁሉ ተጠራቅሟል። አላስችል አለኝና ባለወፍጮው ዘንድ ሄድኩ። የማውቀው ሰው ነው፤ የኔንም ሩዝ የሚፈለፍልልኝ እሱ ነው። የተጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውታል። ሴቶቹ ከሜዳው ሌሊት ተነሥተው የመጡ ናቸው፤ ኬሻቸው ላይ ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። ለግማሽ ቀን ያህል ሞተሩን ቢያቆምልኝ ብዬ ለመንኩት። በገለፈት አቧራ ነጭ የሆነ ቅንድቡን ጠረገና ወደ ሴቶቹ ጠቆመኝ።

"እትየ፣ ተራው የነሱ ነው፤ እነሱን ጠይቂ። እነሱ እሺ ቢሉሽ እንኳ እኔ ባቆም የማዶው ወፍጮ ያስነሣል። መስመሩ አንድ ነው።"

ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። ልጄ ሥራ ልትይዝ ነው፣ ለዚያም ማሽኗን ማሰናዳት አለባት፣ ማሽኑ ደግሞ ሞተሩ ሲነሣ ይጠፋባታል አልኩ። ስናገረው ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። አንዲቱ፣ እንደኔው ዕድሜዋ የገፋ፣ ከኬሻዋ ቀና አለች።

"ልጅሽ መብራት ነው እንዴ የምትበላ?"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ቤት ነገር ነው የምታሰናዳው፣ በማሽኑ ውስጥ አልኳቸው።

"ማን ሊኖርበት?"

"እሷው።"

"አንች ቤትስ አትኖርም?" አለችኝ።

ይህ ሁሉ የተባለው በክፋት አልነበረም። ያችው ሴት ቆይታ፣ የኔም ልጅ ሱዳን ነው፣ በመተማ በኩል ወጣ፣ ከወጣ ድምፁን አልሰማሁም አለችኝ። ከዚያ ተራዋ ደረሰና ኬሻዋን ጎትታ ገባች። ሩዟን ካላስፈለፈለች ምሽት ሳይዛት አገሯ አትደርስም። እንዴት ብዬ ነው ቁሚልኝ የምላት? እኔም ከዚያው ወፍጮ ነው የምበላው። ተመልሼ ቤት ገባሁ። ልጄ የት ሄደሽ ነበር ስትለኝ፣ ተራ ልይዝ አልኳት።

ሰኞ እየቀረበ መጣ። ልጄ የቀራትን ቀን ማስላት ተወች። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ግን የጠፋውን ማሽን ማየት አልተወችም። አንድ ቀን ፓስፖርቱ ካስቀመጥኩበት የልብስ ሣጥን ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አየሁት። አንሥቼ ወደ ሣጥኑ መለስኩት። በማግሥቱም እንደገና ወጥቶ አገኘሁት። 

ሐሙስ ጠዋት፣ ሞተሩ እያጓራ ሳለ፣ ጩኸት ሰማን። መጀመሪያ ከወፍጮ ቤቱ መሰለኝ። ወጥቼ ስሮጥ ከሽማግሌው ቤት ነው። በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ አጥሩን ተደግፈው ሄደዋል። ሚስታቸው ከደጅ ቆመው ደረታቸውን ይደቃሉ። ባለወፍጮው እጁን ሳይታጠብ ሮጦ መጣ፣ አያቸው፣ ተመልሶም ሞተሩን አጠፋ። በእኛ ሰፈር አስከሬን ሳይቀበር ወፍጮ አይነሣም። ማዶ ያለውም ወሬውን ሲሰማ አጠፋ። ሰልፍ ላይ የነበሩት ሴቶች አህያቸውን ጥላ ሥር አስረው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለልቅሶ ገቡ።

ዝም አለ። እንዲያ ያለ ዝምታ በሥራ ቀን ሰምቼ አላውቅም። አጥሩ ላይ ወፎች ነበሩ።

ቤት ስገባ ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። በትከሻቸው የተሸከሟትን አንሥታ ነው የምታለቅስ። ለቀብር እንድንሄድ ነጠላዬን አወጣሁ፣ የሷንም አወጣሁላት። ነጠላዋን ተቀብላኝ አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ ቀና ስትል አምፖሉን አየችው። ነጭ ሆኗል።

ሰማይ የተደፋብኝ ያህል ነበር። ጎረቤት ሞቶ ቀብር የቀረ ሰው ሲነሣበት ይኖራል። እኒህ ደግሞ ጎረቤት ብቻ አይደሉም። ነይ ልበላት፣ ወይስ ቅሪ? የሆነ ነገር እንድላት ጠብቃኝ ነበር።

"እማየ፣ እሳቸው ቢሆኑ ምን ይሉኝ ነበር?" አለችኝ።

  በሩን ገርበብ አድርጌ ብቻዬን ወጣሁ።

ቀብሩ ላይ ልጅቷስ የሚል ሰው አልጠፋም። የዕድሩ ሴቶች ዓይናቸውን ከኔ ጀርባ ወርውረው ይፈልጓታል። ለአንዷ ራሴን ነቀነቅሁላት፤ ያመማት መስሏት፣ ይማርልሽ አለችኝ። አሜን አልኩ። አስከሬኑ ከትከሻ ሲወርድ ሁሉም ሲያለቅስ እኔ የማለቅሰው ለማን እንደሆነ መለየት አቅቶኝ ነበር። በልቤ ቁጥሩን እቆጥራለሁ። ሰማንያ ደረሰ ይሆን? ቶሎ ባይጨርሱ እላለሁ። የሰው ሬሣ ፊቴ ተዘርግቶ ቄሶቹ ፍትሐቱን እንዲያረዝሙልኝ ተመኘሁ።

ከቀብር መልስ ንፍሮ ለመቅመስ ወደ ድንኳኑ ከመግባቴ በፊት በቤቴ በኩል አለፍኩ። ገርበብ ባለው በር አየኋት። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ጣቶቿ ይሮጣሉ። ፊደሎቹ ላይ እንዳይወርድ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እየጠረገች ትጽፋለች። አልገባሁም።

ባለወፍጮው ያን ዕለት ከቀብር በኋላም ሞተሩን አላስነሣውም። ገበሬዎቹ ቢያጉረመርሙ፣ ጠላቴ ነበሩ፣ ዛሬ ደስ ይበላቸው ብሎ በሩን ዘጋ፤ የማዶውም እሱን አይቶ አላስነሣም። ሲመሽ፣ መብራቱ በፈረቃ ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው፣ ልጄ ጠራችኝ። አልቋል አለች። በድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

ያሰናዳችውን አሳየችኝ። መስኮቱን ሁሉ ጥቁር አድርጋዋለች፣ ዓይን አያደክምም አለችኝ። የአማርኛ ፊደል የሚጽፍበትንም አስገብታለች። ዋናው ግን ሌላ ነው። መብራት ሲሄድ የጻፈችው እንዳይጠፋ በየትንሹ ራሱ እንዲያስቀምጥ፣ የሚወርደውም ነገር ሲቋረጥ ከቆመበት እንዲነሣ አድርጋ ነው ያሰናዳችው። ወፍጮው አስተማረኝ አለች። ያችን ጥቁር መስኮቷን ስትከፍት ከላይ አንድ መስመር አማርኛ ተጽፎ ወጣ። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። "መብራት አለ፤ ሥሪ" ይላል። ከዚያ ማሽን ውስጥ እኔ ማንበብ የቻልኩት ይህችን ብቻ ነው።

እመቤታችንን ፊቱ ላይ አድርጊልኝ አልኳት፤ እንድትጠብቃት። በስልኳ የነበረውን ሥዕል አደረገችልኝ። ቀጥላ ግን የሥራ መስኮቷን ስትከፍት ሥዕሉን ሸፈነው። ደንግጬ አውርጂው፣ ድፍረት ነው አልኳት። ቤተ ክርስቲያንስ ሥዕሉ በመጋረጃ አይሸፈንም ወይ፣ ይኸም መጋረጃ ነው አለችኝ። ልሟገታት አቅም አልነበረኝም። ሥዕሉ እዚያው ቀረ።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋት። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮቱ ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። ያን ቀን ሩዝ አላስፈለፈልኩም፤ ገበያም አልወጣሁ። ወፍጮው እያጓራ አምፖሉ ሲቀላ ባሕር ዳርም ያለው መብራት የሚቀላ እየመሰለኝ ተነሥቼ እቀመጥ ነበር።

ሲመሽ መጣች። ማሽኑን ከፍተው እንዳዩላት፣ ያን ከቆመበት የሚነሣውን ነገር ደጋግመው እንዳስከፈቷት ነገረችኝ። አንደኛው ያችን የአማርኛ መስመር አይቶ ምንድን ናት ብሎ ሲጠይቃት፣ ስለ ወፍጮው ነግራው ሳቁ። ከጥምቀት በኋላ ጀምሪ ብለዋታል፤ መጀመሪያ ለሙከራ ነው፤ ከሙከራው በኋላ ያኔ ይታያል አሏት። ያኔ ይታያል ሲሉ ምን ማለታቸው ነው አልኳት። አላውቅም አለችኝ።

በማግሥቱ ከሁሉ አስቀድመን አብረን ልቅሶ ደረስን። የሽማግሌው ሚስት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ እግራቸው ሥር ወድቃ አለቀሰች፤ ቀብር አለመምጣቷን ልትናገር ስትጀምር እጃቸውን አፏ ላይ አደረጉ።

"ሰምቻለሁ። በየጠዋቱ ይጠይቅሽ አልነበር? አለቀ?" አሏት።

"አለቀ እማማ።"

"በይ እንግዲያ ሂጅና ንገሪው። ሳይሰማ ነው የሄደ።"

ሄደች። መቃብሩ ላይ ምን እንዳለች አላውቅም፤ በቅጽሩ በር ቆሜ ጠበቅኋት። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ቀና ብላ ነበር የምትሄደው።

ጥምቀት አለፈና ልብሷን አዘጋጀሁላት። ትንሽ ሩዝም ቋጠርኩላት፤ ባሕር ዳር ሩዝ የሌለ ይመስል። ሣጥኑን ስከፍት ፓስፖርቱ የለም። ቦርሳዋን አልፈተሽኩም፤ የት እንዳለ አውቃለሁ። ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። እሷም አየችኝ። የጠየቅኋት ያህል መለሰችልኝ።

"ለማንኛውም ነው እማየ።"

ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። ብርጭቆዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። እሺ ልጄ አልኳት፤ መስማቷን እንጃ።